«ተመስገን» ከተባለ በኋላ፦ በአረጋውያን ማዕከል ድባቴንና ጭንቀትን መለየት

የጠያቂና መላሽ ዓምድ

በዚህ ወር ከሐዋሳ ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ በአረጋውያን ማዕከላት ከሚሠሩ ተንከባካቢዎችና እናት አባታቸው እዚያ ከሚኖሩ ልጆች የመጡ ናቸው። ተቀራራቢ የሆኑትን አጣምረን፣ ስም ሳንጠቅስ እንመልሳለን። በተለምዶ «ድብርት» የሚባለውን ሕመም እዚህ «ድባቴ» ብለነዋል። «ደበረኝ» በዕለት ንግግራችን መሰልቸትም ስለሆነ ሁለቱ እንዳይምታቱ ነው።

ጥያቄ፦ በማዕከላችን 38 አረጋውያን አሉ። ባለ 15 ጥያቄ የድባቴ መለያ ቅጽ ተሰጥቶን ምሳ ስናድል በየአልጋው እየዞርን ሞላነው። ድባቴ የሚጠረጠርበትን 5 ነጥብ የደረሱት 2 ሰዎች ብቻ ናቸው። እኛ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው የሚውሉ፣ ሳህኑን ሳይነኩ የሚመልሱ ቢያንስ 7 ሰዎች እናውቃለን። ቅጹ ለእኛ አገር ሰው አይሆንም ማለት ነው?

መልስ፦ ቅጹ ይሆናል። ችግሩ ምሳ እየታደለ፣ ሌላው እየሰማ፣ ምሳውን ባመጣው ሰው መጠየቁ ላይ ነው።

ይህ ቅጽ (በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ GDS-15) ለአረጋውያን ተብሎ የተሠራ ነው። መጀመሪያ 30 ጥያቄ ነበረው፤ በ1986 እ.ኤ.አ. ወደ 15 አጠረ። እንቅልፍን፣ የምግብ ፍላጎትንና የሰውነት ሕመምን ሆን ብሎ አይጠይቅም፤ በዚያ ዕድሜ እነዚህ ከጉልበት ሕመም፣ ከስኳር ወይም ከፕሮስቴት ሊመጡ ይችላሉና። የሚጠይቀው ስለ ስሜት ነው። ስለ ስሜቱ ደግሞ ትልቅ ሰው በሰው መሐል አይናገርም። ያጎረሰው ሰው ሲጠይቀውማ «ደስተኛ አይደለሁም» ማለት ያጎረሰን እጅ መንከስ መስሎ ይታየዋል። ስለዚህ ጠያቂው ያንን ሰው የማያጥብና የማይመግብ ይሁን። ሁለት ክፍል ካላችሁ ተለዋወጡ፦ የአንዱ ክፍል ተንከባካቢ የሌላውን ክፍል ሰው ይጠይቅ።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ቢሆን ይመረጣል፤ ቁርስ ተበልቷል፣ የምሳ ግርግር አልመጣም። በሩ የሚዘጋ ክፍል ፈልጉ። ከአንድ ሜትር ባልራቀ ቦታ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ብርሃኑ ከጀርባችሁ ሳይሆን በፊታችሁ ላይ ይውደቅ፣ የከንፈራችሁን እንቅስቃሴ ማየት አለባቸው። ጆሯቸው ከከበደ አትጩኹ። ድምፃችሁን ወፈር፣ ንግግራችሁን ዘገም አድርጉት። መነጽር ካላቸው ያድርጉ። ማንበብ ቢችሉም እናንተ አንብቡላቸው፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት መንገድ ካልተጠየቀ ውጤቱን ማነጻጸር አይቻልም። ለአንድ ሰው 20 ደቂቃ ያዙ። ጥያቄዎቹ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ይበቃቸዋል፣ የቀረው ለሰላምታና ለመለያያ ነው። 5 ሰው በቀን ከጠየቃችሁ 38ቱን በ8 የሥራ ቀን ትጨርሳላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የመጀመሪያው ጥያቄ በኑሯቸው ረክተው እንደሆነ ይጠይቃል፤ ከ10 ሰው ብዙው የሚመልሰው «ተመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ነው። የምትሞሉት ሰዎች ይህን «አዎ» ብላችሁ አስፍራችሁት ይሆናል። «ተመስገን» ሰላምታ ነው፣ ምስጋና ነው፣ እምነት ነው፤ የዚያን ሰው የሳምንቱን ስሜት ግን አይነግረንም። እንዲህ ማለት ይቻላል፦

— እማማ፣ በጠቅላላው ሲያዩት በኑሮዎ ረክተዋል?
— ተመስገን ነው ልጄ። ምን እላለሁ።
— እሱስ ሁሌም ይመስገን። ያለፈውን አንድ ሳምንት ብቻ ያስቡልኝ። ከእሑድ ወዲህ ሲያስቡት «ኑሮዬ ደህና ነው» ይላሉ ወይስ «አይ፣ አልተመቸኝም» ይላሉ?
— ከእሑድ ወዲህ...

እዚህ ላይ ዝም ይላሉ። አትቸኩሉ። በልባችሁ እስከ 10 ቁጠሩ።

— ኧረ አልተመቸኝም። ቆየ እንዲህ ከሆንኩ።

ምስጋናውን ተቀበሉ፣ ጊዜውን ወደ አንድ ሳምንት አጥብቡት፣ ሁለቱንም መልስ እኩል አቅርቡላቸው። «አልተመቸኝም» ማለት የተፈቀደ መሆኑን የሚያውቁት ከእናንተ አፍ ሲሰሙት ነው። ይህን አንድ ነገር ብቻ አስተካክላችሁ 38ቱን እንደገና ብትጠይቁ እነዚያ 7 ሰዎች በወረቀቱ ላይ መታየት ይጀምራሉ።

አቆጣጠሩ ላይም የሚደጋገም ስሕተት አለ። ከ15ቱ በ10ሩ «አዎ» ያለ ሰው ነጥብ ያገኛል። በ5ቱ ማለትም በ1ኛው፣ በ5ኛው፣ በ7ኛው፣ በ11ኛውና በ13ኛው ግን ነጥብ የሚያገኘው «አይ» ያለው ነው፤ እነዚህ ስለ እርካታ፣ ስለ ደስታና ስለ ብርታት የሚጠይቁ ናቸው። «አዎ»ዎቹን ብቻ የሚቆጥር ሰው ፍጹም ደስተኛ የሆነን አዛውንት 5 ሰጥቶ ሕመምተኛ ያደርጋቸዋል፤ ክፉኛ የታመሙትን ደግሞ ከ15 ወደ 10 ያወርዳቸዋል። ለሁሉም ጥያቄ «አዎ» ያለ ሰው በትክክለኛው አቆጣጠር 10፣ ለሁሉም «አይ» ያለ 5 ያገኛል። ሁለቱም ጥያቄውን አልሰሙትም ወይም አልገባቸውም ይሆናል፤ በሌላ ቀን ይደገም። 1 ወይም 2 ጥያቄ ከተዘለለ ነጥቡን በ15 አባዙና በተመለሱት ጥያቄዎች ብዛት አካፍሉ፦ 13 ተመልሶ 5 ነጥብ ከመጣ 5 ሲባዛ በ15፣ ሲካፈል ለ13፣ ወደ 6 ይጠጋል።

አንዳንድ ቃል በጥሬው ሲተረጎም ትርጉሙ ይሸሻል። «ኑሮዎ ባዶ ነው?» ሲባሉ «አዎ፣ ምን አለኝ!» ይላሉ፤ የሰሙት ስለ ድህነት ነው። «ሕይወትዎ ትርጉም ያጣ ሆኖ ይሰማዎታል?» ይባል። ከቤት መውጣትን የሚጠይቀው 9ኛው ለማዕከል ነዋሪ አይገጥምም፤ «ግቢ ወጥቶ ከሰው ጋር ከመቀመጥ ክፍልዎ መሆን ይመርጣሉ?» ብትሉ ይሻላል። «አብዛኛው ሰው ከእኔ ይሻላል» የሚለውን 15ኛውን ቤትም ልጅም የሌለው ሰው «አዎ» ቢል እውነቱን ነው። ነጥቡን ስጡ፤ ጎኑ ላይ ግን የተናገረውን በራሱ ቃል ጻፉ።

ከ0 እስከ 4 እንደ ጤነኛ ይቆጠራል፤ ከ5 ጀምሮ ድባቴ ሊኖር ይችላል፤ 10 እና ከዚያ በላይ ብዙውን ጊዜ ድባቴ ነው። «ሊኖር ይችላል» የሚለው ቃል አይጥፋባችሁ። ለምሳሌ ያህል ከ100 ነዋሪ 20ው ድባቴ ቢኖርባቸው፣ ቅጹም ከታመሙት 100 ውስጥ 80ውን የሚይዝና ከጤነኞቹ 100 ውስጥ 75ቱን በትክክል የሚያልፍ ቢሆን፣ 5 ነጥብ የሚደርሱት 36 ሰዎች ይሆናሉ፦ 16ቱ የታመሙ፣ 20ዎቹ ያልታመሙ። 4 ሕመምተኞች ደግሞ ሾልከው ያልፋሉ። ለዚህ ነው ቅጽ በሽታ አይመረምርም የምንለው። ቅጹ የሚለው «ይህን ሰው ባለሙያ ይየው» ብቻ ነው። ነጥቡ ዝቅ ብሎ ዓይናችሁ ግን ሌላ ነገር ካየ ዓይናችሁን እመኑ፤ እነዚያ ወደ ግድግዳ የዞሩት 7 ሰዎች ዛሬ ነጥባቸው 2 ቢሆንም ባለሙያ ይያቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ ቀጣዩ እርምጃ የተዘጋጀ ይሁን፦ 5 የደረሰውን ማን፣ በየትኛው ቀን ጤና ጣቢያ ይወስደዋል? ትራንስፖርቱን ማን ይከፍላል? ጤና ጣቢያው ያልቻለውን በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያየዋል። ይህ ሳይዘጋጅ የሰውን ልብ አስከፍቶ መሄድ ቁስል ፈቶ ሳያሽጉ መተው ነው።

ጥያቄ፦ ከነዋሪዎቻችን ብዙዎቹ ሲዳሙ አፎ ብቻ ነው የሚናገሩት፤ ወላይትኛ ብቻ የሚችሉም አሉ። አማርኛ የሚያውቅ ሌላ ነዋሪ ቢያስተረጉም ምን አለበት?

መልስ፦ ብዙ አለበት። ምሥጢሩ በማግስቱ ቡና ላይ ይወራል፤ ይህን የሚያውቁት አዛውንትም አይናገሩም። ልጅም አይሁን፤ ልጅ «እናቴ ደህና ናት» እያለ ያለሰልሳል። ቋንቋውን የሚያውቅ ሠራተኛ መርጣችሁ አስቀድማችሁ ግማሽ ቀን አብራችሁ ሥሩ። 15ቱን ዓረፍተ ነገሮች ተርጉሞ ይጻፋቸው። ሌላ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ዋናውን ሳያይ ወደ አማርኛ ይመልሳቸው። ያልገጠመውን አስተካክሉ፤ ከዚያ በኋላ ለሁሉም ሰው ያው ዓረፍተ ነገር ብቻ ይነበብ። አስተርጓሚው «እኔ» የተባለውን «እኔ» ብሎ ያስተላልፍ፣ ምክር አይጨምር፣ ከአዛውንቱ ጎን ትንሽ ወደ ኋላ ይቀመጥ። እናንተ የምታዩት አዛውንቱን እንጂ አስተርጓሚውን አይደለም። እንዲህ በቤት የተተረጎመ ቅጽ ላይ 5 የሚለው መነሻ እንደ አጥር አይታይ፤ 4 ነጥብ ያመጣውንም ደግማችሁ አነጋግሩ።

ጥያቄ፦ በስንት ጊዜው ይደረግ? ሲገቡ ነው ወይስ በዓመት?

መልስ፦ በገቡ በ2ኛውና በ4ኛው ሳምንት መካከል አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በየ6 ወሩ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቤቱን ለቆ የመጣ ሰው ሁሉ የሚያዝንባቸው ናቸው። ሞትን የሚያነሳ ሰው ካለ ግን አንድ ቀንም አይጠበቅም። ከሆስፒታል ሲመለሱ፣ አልጋ ጎረቤታቸው ሲሞት፣ ሲወድቁ፣ በወር ከ2 ኪሎ በላይ ሲከሱ 6 ወሩን ሳትጠብቁ ድገሙት። በእንቁጣጣሽ፣ በፋሲካ፣ በዒድ ወይም በፍቼ ጫምባላላ ሰሞን አትሙሉ፤ ሰው የመጣለት ይደምቃል፣ ያልመጣለት ይሰበራል፣ ሁለቱም የወትሮ ስሜታቸው አይደለም። አንድ ሳምንት ቆዩ። ማን ጠያቂ እንዳልመጣለት ግን በዚያው ቀን መዝግቡ።

ጥያቄ፦ የመርሳት ሕመም ያለባቸው 6 እናቶች አሉን። የተጠየቁትን ሳይጨርሱ ሌላ ያወራሉ። እነሱን እንዝለላቸው?

መልስ፦ አይዘለሉ። የመርሳት ሕመም ባለበት ድባቴ ብዙ ጊዜ ይደረባል፤ ሊታከምም ይችላል። ቅጹን ቀይሩ። ለእነሱ የኮርኔል መለኪያ የሚባል 19 ነጥቦች ያሉት ሌላ ቅጽ አለ፤ መረጃውን በዋናነት የሚወስደው ከተንከባካቢው ነው። ያለፈውን አንድ ሳምንት አብሯቸው የነበረን ሠራተኛ 20 ደቂቃ ያህል ትጠይቃላችሁ፤ የሌሊት ተረኛውን እንዳትረሱ። ከዚያ ከእናትየዋ ጋር 10 ደቂቃ ያህል ትቀመጣላችሁ፤ ፊታቸውን፣ ድምፃቸውን፣ እጃቸውን ታያላችሁ። የነጠላቸውን ጠርዝ ያለ ዕረፍት የሚያፍተለትሉ ናቸው? ስትቀልዱ ፊታቸው ይፈታል ወይስ እንደ ደረቀ ይቀራል? ሁለቱ ምንጮች ካልተስማሙ ተመልሳችሁ ሁለቱንም አነጋግሩ።

እያንዳንዱ ምልክት ከሌለ 0፣ ቀላል ወይም አልፎ አልፎ ከሆነ 1፣ ከባድ ከሆነ 2 ይሰጠዋል። ድምሩ ከ10 ካለፈ ድባቴ የመኖሩ ዕድል ሰፊ ነው፤ ከ18 ካለፈ ደግሞ እርግጠኛ ወደ መሆን ይደርሳል። ነጥብ አሰጣጡ ላይ የሚበላሸው ይህ ነው፦ ምልክቱ ከአካል ሕመም የመጣ ከሆነ 0 ነው። በስትሮክ አንድ ጎናቸው የማይንቀሳቀስ እናት ስለዘገዩ ነጥብ አይሰጣቸውም። ለነገሮች ፍላጎት ማጣትም የሚቆጠረው ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ የመጣ ለውጥ ሲሆን ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ዝምተኛ የነበሩ ሰው ዛሬም ዝም ስላሉ ነጥብ አያገኙም። ክብደት በወር አንድ ጊዜ፣ ከቁርስ በፊት፣ በተመሳሳይ ልብስና በአንድ ሚዛን ይለካ። ጾም ላይ ያሉ እናት እስከ 9 ሰዓት አለመብላታቸው የምግብ ፍላጎት ማጣት አይደለም፤ ጾሙ ሲፈታ የሚቀርብላቸውን ይበላሉ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሌሊት ለጸሎት የሚነሱትም እንዲሁ ናቸው፦ ጸልየው ተመልሰው የሚተኙና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነቅተው እየተብሰለሰሉ የሚያነጉ አንድ አይደሉም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ትናንት ደህና የነበሩ ሰው ዛሬ ግራ ከተጋቡ፣ ጠዋት ነቅተው ማታ ከተኮላተፉና ከደነዘዙ፣ ያ ድባቴም የመርሳት ሕመምም አይደለም። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የውኃ እጥረት፣ ሐዋሳ ደግሞ ወባም ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይሂዱ። አረጋዊ ሰው ኢንፌክሽን ይዞት ትኩሳት ላይኖረው ይችላል፤ ስላላተኮሳቸው አትዘናጉ።

ጥያቄ፦ አንድ አባት ሌሊት ሌሊት «ልቤ ይመታል፣ ያልበኛል፣ እንቀጠቀጣለሁ» ይላሉ። ጭንቀት ነው ተብሎ ዲያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ መድኃኒት ታዘዘላቸው። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒትም ይወስዳሉ። ጭንቀት እንዴት ይለያል?

መልስ፦ ከቅጽ በፊት ጣታቸውን ወግታችሁ ስኳር ለኩ፤ ምልክቱ ባለበት ሰዓት፣ በሌሊቱ። ግሊቤንክላሚድ የሚባለው የስኳር ክኒን በአረጋውያን ላይ ስኳርን ለረጅም ሰዓት ሊያወርድ ይችላል፤ እራት ሳይበሉ ከተኙ ወይም ከጾሙ የባሰ። መንቀጥቀጡ፣ ላቡ፣ የልብ ምቱ ከጭንቀት ጋር አንድ ይመስላል። ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲሊትር በታች ካሳየና መዋጥ ከቻሉ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ ለኩ፣ ሲስተካከል የሚበላ ነገር ይስጧቸው፣ በነጋው ሐኪሙ መጠኑን ያየው። ራሳቸውን ከሳቱ በአፍ ምንም አይሰጥ፤ ቀጥታ ሆስፒታል። እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉ የግፊት መድኃኒቶች መንቀጥቀጡንና የልብ ምቱን ሊደብቁት ይችላሉ፤ ያን ጊዜ የሚቀረው ምልክት ላቡ ነው።

ስኳሩ ደህና ከሆነ የልብ ምት አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ከ100 በላይ ከሆነ ወይም ምቱ ሥርዓት ከሌለው የልብ ምርመራ ያስፈልጋል። ደረታቸውን ከጨመደዳቸው ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ጠዋትን አትጠብቁ። የታይሮይድና የደም ማነስ ምርመራም ይታከል። ለአስም የሚነፋው ሳልቡታሞል እጅን ያንቀጠቅጣል፣ የግፊት መድኃኒቱ ኒፌዲፒን ልብን ያስመታል። ቡናውንም ጠይቁ፦ አቦል ቶና በረካ ጠጥተው ከ11 ሰዓት በኋላ የሚደግሙ ሰው ሌሊት ቢነቁ አይገርምም።

ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ GAD-7 የሚባለውን ባለ 7 ጥያቄ የጭንቀት ቅጽ ተጠቀሙ። ያለፉትን 2 ሳምንታት ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3፣ ድምሩ ከ0 እስከ 21 ነው። ለአዋቂዎች የተለመደው መነሻ 10 ነው፤ አረጋውያን ግን ጭንቀታቸውን አሳንሰው ስለሚናገሩ ከ5 ጀምሮ ቀረብ ብላችሁ አነጋግሯቸው። «ይጨነቃሉ?» ሲባሉ «ልጅ የወለደ የማይጨነቅ ማን አለ» ይላሉ፤ በአማርኛ ጭንቀት ኃላፊነትም ነውና። «ሐሳቡ መጥቶ አልለቅም ይልዎታል?» ብትሉ ይገባቸዋል። ብዙዎች ጭንቀታቸውን የሚናገሩት በአካላቸው ነው፦ «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ደረቴን ያፍነኛል፣ ሆዴ ይላወሳል።» እነዚህን እንደ ሰበብ አትለፏቸው። ከወደቁ በኋላ ዳግም መውደቅን ፈርተው ከአልጋ የማይወርዱም አሉ፤ «እንዳልወድቅ ብዬ» የሚል ሰው ስንፍና የለበትም፣ መያዣና አብሮት የሚራመድ ሰው ይሻል።

ዲያዜፓምን በተመለከተ፦ በአረጋዊ ሰው ገላ ውስጥ ለቀናት ይቆያል፤ ያወድቃል፣ ያደናግራል፣ ይለመዳል። ያዘዘውን ሐኪም ይህን ነግራችሁ እንዲያይላችሁ ጠይቁ። ለሳምንታት ሲወስዱት የቆዩ ከሆነ ግን በአንድ ቀን አታቋርጡ፤ ቀስ በቀስ በሐኪም ይቀነሳል።

ጥያቄ፦ እናቴን ለመጠየቅ በሄድኩ ቁጥር «ምነው በወሰደኝ» ትለኛለች። «እንዲህ አትበይ» ብዬ አስቆማታለሁ። ስለ ሞት ብጠይቃት ሐሳቡን የማስገባባት ይመስለኛል።

መልስ፦ መጠየቅ ሐሳብ አያስገባም። ያለውን ያስወጣል፤ «እንዲህ አትበይ» ግን በሩን ይዘጋል። እናትዎ «ምነው በወሰደኝ» ሲሉ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ማለታቸው ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱ የሚታወቀው ረጋ ብሎ በመጠየቅ ነው። ዕድሜ ጠግበው፣ ንስሐ ገብተው፣ መጪውን በሰላም የሚጠብቁ ሰው አሉ፦ ምሳቸውን ይበላሉ፣ የልጅ ልጅ ሲመጣ ፊታቸው ይበራል። ሕመሙ ወይም ብቸኝነቱ የከበዳቸው አሉ፦ የሚሹት እረፍት ነው፤ ሕመሙ ሲታገስላቸው አነጋገራቸውም ይለወጣል። ሦስተኛዎቹ በራሳቸው ላይ ጉዳት ለማድረስ የሚያስቡ ናቸው።

እንዲህ ብለው ይጀምሩ፦ «እማዬ፣ ምን ሲሆን ነው እንዲህ የምትዪው?» ይስሙ። ቀጥለው፦ «ምነው ባይነጋልኝ ያልሽበት ሌሊት አለ?» ከዚያ፦ «በራስሽ ላይ አንድ ነገር ለማድረግ አስበሽ ታውቂያለሽ?» መልሱ «አዎ» ከሆነ እንዴት እንዳሰቡና ከዚህ በፊት ሞክረው እንደሆነ ይጠይቁ። ሐሳቡ አሁንም ካለ፣ ዕቅድ ካላቸው ወይም ሞክረው ከነበረ ለብቻቸው አይተዉ፤ አንድ ሰው አጠገባቸው ሆኖ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ማዕከሉ መድኃኒትና ፀረ ተባይ ሁልጊዜ ቆልፎ ይይዝ፤ ክኒን ሲሰጥ መዋጡ ይታይ፣ ትራስ ሥር የተጠራቀመ እንዳይኖር።

ሳይናገሩ የሚያደርጉትም አለ። ምግብና መድኃኒት እንቢ ማለት፣ ውኃ አለመጠጣት፣ ገንዘባቸውንና መቁጠሪያቸውን ድንገት ለሰው ማደል። ከ10 ቀን በላይ ተከፍተው የቆዩ ሰው ያለ ምክንያት ድንገት ቢረጋጉም ቀረብ ብላችሁ ጠይቁ። ኃጢአት ነው ብሎ መገሠጽ ግን አይረዳም፤ ሰውየው ያንን ከእርስዎ በፊት ያውቀዋል፣ ስለሚያፍር ነው የደበቀው።

ጥያቄ፦ በባለ 15 ጥያቄው ቅጽ 9 ነጥብ ያመጡ አባት አሚትሪፕቲሊን የሚባል የድባቴ መድኃኒት ታዝዞላቸው በ4ኛው ቀን ሽንት ቤት ሲሄዱ ወደቁ። መድኃኒቱን እናቁም? ያለ መድኃኒትስ ምን ማድረግ እንችላለን?

መልስ፦ ከወደቁ በዚያው ቀን ሐኪም ይያቸው፤ ጭንቅላታቸው ተመትቶ እንደሆነ ይመርመር፣ መድኃኒቱን ማቆምና መቀየርን እሱ ይወስን። አሚትሪፕቲሊን በአረጋውያን ላይ ሲነሱ ግፊት ይጥላል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ፕሮስቴት ያለበትን ሽንት ሊከለክል ይችላል፣ ያደናግራል፣ የልብ ሕመም ላለበትም አደገኛ ነው። ሐኪሙ ጋ ስትሄዱ ይህን ይዛችሁ ሂዱ፦ 5 ደቂቃ ተኝተው ግፊታቸውን ለኩ፣ ከቆሙ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ድገሙት። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ የመውደቃቸው ምክንያት ሊሆን ይችላል። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ በከረጢት ይዛችሁ ሂዱ፤ ዝርዝር በቃል አይበቃም።

ከድባቴ መድኃኒቶች ፍሎክሰቲንና ሰርትራሊን በዚህ ዕድሜ በአብዛኛው ይመረጣሉ፤ የሚጀመረውም ከአዋቂ ዝቅ ባለ መጠን ነው። ሽንት የሚያሸና የግፊት መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የደም ሶዲየም ሊወርድ ይችላል፤ እንቅልፍ ካበዙ ወይም ግራ ከተጋቡ ይመርመር። እንደ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፒሪን ካሉ የሕመም ማስታገሻዎች ጋር የጨጓራ መድማት ያሰጋል፤ ሰገራቸው ጠቁሮ እንደሆነ እዩ። ለውጡ የሚታየው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ነው፣ አንዳንዴም ይዘገያል። ሲሻላቸው ወዲያው አይቆምም፤ ከተሻላቸው በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር ይቀጥላል። ጸበል የሚሄዱ ካሉ መድኃኒቱን ይዘው ይሂዱ፤ ጸበሉን ጠጥተው በሰዓቱ ክኒናቸውን መውሰድ ይችላሉ። ካህኑን ቀርባችሁ ብታስረዱ ብዙዎቹ ያግዟችኋል።

ያለ መድኃኒት የምትሠሩት ሥራ ትንሽ አይደለም። 9 ነጥብ ላለው ሰው ከክኒኑ ጎን ለጎን፣ 5 ወይም 6 ላለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከክኒኑ በፊት ይህ ይሞከር። ከበሽታው በፊት ምን ይወዱ እንደነበር ጠይቁና አንዱን ብቻ ምረጡ፤ ትንሽ፣ የሚታይና በሰዓት የተቀጠረ ይሁን። ጥጥ ሲፈትሉ ያደጉ እናት እንዝርትና አንድ እፍኝ ባዘቶ ይዘው ከጠዋቱ 4 ሰዓት በረንዳ ላይ ይቀመጡ። ገበሬ የነበሩ አባት ሁለት መደብ ጎመን ይሰጣቸው፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያጠጡ። እንሰት ሲፍቁ የኖሩ እናት ለማዕከሉ ቆጮ ሲዘጋጅ ወጣቶቹን ይምሩ። «ሲሻለኝ እሠራለሁ» ይላሉ፤ ድባቴ ፍላጎትን ስለሚገድል ፍላጎቱን መጠበቅ አይሠራም፣ ሥራው ነው ፍላጎቱን የሚጠራው። በ10 ደቂቃ ጀምሩ። አብራችሁ ተቀመጡ፤ አብሯቸው የተቀመጠው ሰው የሕክምናው ግማሽ ነው። መራመድ የሚችሉትን በሳምንት ሁለት ቀን ጠዋት ፍቅር ሐይቅ ዳር ውሰዷቸው፤ የማይችሉትን ጠዋት ፀሐይ ላይ 20 ደቂቃ አውጧቸው።

በየቀኑ አንድ መስመር ጻፉ፦ ምን ሠሩ፣ ስንት ደቂቃ፣ ፊታቸው እንዴት ነበር። በ6ኛው ሳምንት ያው ጠያቂ፣ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ሰዓት 15ቱን ጥያቄዎች ይድገም። ከ9 ወደ 5 የወረደ ሰው ገና አልዳነም፤ የያዙትን ቀጥሉ። ከ9 ያልነቀነቀው ግን የዕለት መዝገቡንና የመጀመሪያውን ቅጽ ይዞ ወደ አእምሮ ሐኪም ይመለስ።